ጋሽ አምሃ ያስገዙን ኮከብ

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው፤ ለዚህ አገር ሰው የበጋ ማለቂያ፣ ለእኛ ፍልሰታ። ያን ጊዜ ጋሽ አምሃ በሕይወት ነበሩ። አሁን የሉም። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ አረፉ፤ አርባቸው ያለፈው እሑድ ወጣ። ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ስለ እሳቸው ሲያወራ፣ እኔ እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ሰምቼ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ዝምታው ከበደኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጋሽ አምሃ ታክሲ ነጂ ነበሩ። እኔም ነኝ። ዴንቨር ኤርፖርት አጠገብ ተሳፋሪ እስኪደርሰን ተራ የምንጠብቅበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ሎት እንለዋለን። ስልኩ ጮኾ "ተሳፋሪ አለህ" እስኪል አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ይጠበቃል። እዚያ ያለነው ከሞላ ጎደል ሁላችንም የአገር ልጆች ነን፤ አብዛኛው ከኦሮራ፣ ከቻምበርስ ሮድ አፓርታማዎች የሚመጣ።

ሥራውን ስጀምር ከመካከላቸው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። በረዶ የጣለ የመጀመሪያው ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ከግቢ ወጣሁና መንገድ ዳር ቆምኩ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ደረቀ። አንድ ያረጀ ቫን አልፎኝ ሄዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ረጅም ሽማግሌ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ እንደሚንሸራሸር ሰው በበረዶው ላይ እየተራመዱ መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ተበላሸብሽ?"

"አይ፣ ፈርቼ ነው።"

"ጥሩ። የሚፈራ ሰው አይገለበጥም። የእኔን ጎማ ዱካ ይዘሽ ነይ፤ ፍሬን እንዳትረግጪ።"

መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያሉ፣ ሎት ድረስ መሩኝ። በማግስቱ ስወጣ ቫኑ ከግቢያችን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በረዶው ከመንገድ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ ሆነ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ስላቸው "እኔም ወደዚያው ነኝ" ይሉኝ ነበር። ቤታቸው ግን በሌላ አቅጣጫ እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ አገር ቤት ጦርነት መጣ። ሎት ውስጥ ሰው ሰላምታ አቆመ። ድሮ መኪና ላይ ተደግፎ ሲሳሳቅ የሚውለው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ የየራሱን ወሬ ከየራሱ ስልክ የሚሰማ ሆነ። ከሁሉ የከፋው የግደይና የመላኩ ነበር። ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው። መላኩ የግደይን ልጅ ክርስትና አንስቷል፤ አበልጆች ናቸው። አንድ ቀን በስልክ የሰሙት ወሬ አነጋገራቸው፤ ተካረሩ፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ቆሞ ካለ ሌላው በዚያ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን እንኳን ተለያዩ።

ጋሽ አምሃ ለማስታረቅ ሞከሩ፤ ሽማግሌ ላኩ፤ አልሆነም። አንድ ቀን ጠዋት ከቫናቸው ዱላ፣ ጓንትና አንዲት ነጭ ኳስ ይዘው ወረዱ። ሶፍትቦል ነው አሉን። የአሜሪካኖቹ ቤዝቦል ማለት ነው፤ ኳሷ ብቻ ተለቅ ትላለች፣ የምትወረወረውም ከታች ወደ ላይ ቀስ ተብላ ነው። የመታ ሰው ቤዝ የሚባሉ ሦስት ማረፊያዎችን በተራ ረግጦ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ነው፤ ኳሷ ከቀደመችው ወጣ ይባላል።

ኤፍሬም እዚሁ ኦሮራ ሃይስኩል የተማረ ልጅ ነው፤ ከመካከላችን ጨዋታውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሳቁ አመለጠው።

"ጋሽ አምሃ፣ የምን ሶፍትቦል ነው? እግር ኳስ አይሻልም?"

"እግር ኳስ ከሆነ ሁሉም አሠልጣኝ ነው። በአምስት ደቂቃ ይደባደባል። ይሄን ግን ማናችንም አናውቀውም። በአላዋቂነት እኩል ነን።"

እንዲህ ተጀመረ። ቡድኑን "ወረፋ" አሉት። በከተማው የአዋቂዎች ሊግ ተመዘገብን። መላኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ሲመታ ከደስታው ብዛት ዱላውን እንደያዘ በተቃራኒው ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሮጠ፤ የተጋጣሚ ቡድን ሰዎች ሳር ላይ ተንከባለሉ። ጋሽ አምሃ ሊመቱ ሲቆሙ ያማትቡና መዳፋቸው ላይ እንትፍ ይላሉ። ሲወጡ ደግሞ ኮፍያቸውን አንስተው ዳኛውን "ታንክ ዩ" ይላሉ። እግራቸው ስለማይሮጥ፣ ቁመታቸው ግን ስለሚጠቅም፣ ቦታቸው ፈርስት ቤዝ፣ የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ነበር፤ እዚያ ቆሞ የሚወረወርለትን መቀለብ ነው ዋናው ሥራ። ቦታቸውን ይወዱት ነበር። ሰው ሁሉ በእኔ በር ነው የሚያልፈው ይሉ ነበር።

እኔን ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። "ትርሲት ጾመኛ ናት፤ ገንዘባችንም ከእሷ ጋር ይጹም" አሉ።

ግደይና መላኩ አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው እንኳን አልተነጋገሩም። እንዲህ ነበር የሚጫወቱት፦

"ኤፍሬም፣ ያንን ሰውዬ ኳሱን ወርውር በለው።"

"ኤፍሬም፣ ዓይን ካለው እየወረወርኩ ነው በለው።"

ኤፍሬም ኳስ ይወረውራል፣ ያስተረጉማል። ቢሆንም መስኮት ተከፈተ። ከጨዋታ ማግስት ሰው ከመኪናው ይወርዳል፤ ማን ሳተ፣ ማን ጣለ ይባባላል። አብዛኛውን እንሸነፍ ነበር፤ የምናወራው ግን አላጣንም።

ያን በጋ ነው እንግዲህ ነገሩ የመጣው። ሊጉ ውስጥ ቦታ የሚጠብቁ ቡድኖች በዙና መጨረሻ የወጣው ቦታውን ይለቃል ተባለ። በመጨረሻው ሳምንት ከግርጌ የቀረነው እኛና አንድ የቧንቧ ሠራተኞች ቡድን ነበርን፤ የመጨረሻ ጨዋታችንም እርስ በርስ ሆነ። ያሸነፈ ይቆያል፤ የተሸነፈ ይወጣል።

ጋሽ አምሃ እንቅልፍ አጡ። "ቡድኑ ከፈረሰ ሁሉም ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባል" አሉኝ አንድ ቀን። "ሁለተኛ ማውጣት የምችል አይመስለኝም።"

በእነዚያ ቀናት ሬዲዮው ላይ የከተማው ትልቅ የቤዝቦል ቡድን ውል ለጨረሰ አንድ ኮከብ ያን ሁሉ ሚሊዮን ያውጣ አያውጣ እያሉ ጠዋት ማታ ይከራከሩ ነበር። ጋሽ አምሃ ያንን ክርክር ሲሰሙ ሰንብተው ሰበሰቡን።

"ሮይ የሚባል ሰው አለ" አሉ። "ወጣት ሳለ ለደመወዝ ተጫውቷል። ከቡድኑ ጋር ተጣልቶ ነፃ ነው። ደንቡ ሰው መጨመርን አይከለክልም። ለዚህ ጨዋታ እንቅጠረው።"

"ስንት ይላል?" አለ ኤፍሬም።

ነገሩት። እኔ ዘንድ ካለው ከግማሽ በላይ ነበር።

"ኧረ ጋሼ! ለአንድ ቀን? ዱላችን ተሰንጥቋል፣ ማሊያችን ሰም ያለቀበት ጧፍ መስሏል፣ የሚመጣው ዓመት መመዝገቢያ አለብን። ለአንድ ሰው አፍስሰን በባዶ ልንቀር?"

"ከተሸነፍን ማሊያው ለማን ነው? መመዝገቢያውስ የት ልንመዘገብበት?"

መላኩ ቀጠለ። "ኮከብ ገዝተን ብናሸንፍ ማን አሸነፈ ሊባል ነው?"

ግደይ ፊቱን ወደ ኤፍሬም አዙሮ "ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ፤ ኮከብ ሳንገዛ ብንሸነፍስ ማን ተሸነፈ ሊባል ነው?"

ሳቁ። መላኩ ሳቁን ዋጠው። ክርክሩ ጦፈ፤ ከሌላ ረድፍ ያሉ፣ ቡድኑ ውስጥ የሌሉ ሾፌሮች ሳይቀሩ መጥተው ከበቡ። ገንዘብ ይመለሳል፤ አይመለስም። ኮከብ ሲመጣ ሌላውም ቀና ይላል፤ ኮከብ ሲመጣ ሌላው ይተኛል። እኩል ለእኩል ሆኑ። ጋሽ አምሃ ወደ እኔ ዞሩ።

"ገንዘቡ ካንቺ ጋር ነው። ምን ትያለሽ?"

"ሮይ የት ነው የሚጫወተው?" አልኩ።

ኤፍሬም ነው የመለሰው። "ፈርስት ቤዝ።"

 አብዛኛው ይህን አላሰበውም ነበር።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"ወንበሩ ላይ። ወንበርም እኮ ሰው ይፈልጋል።"

ፊታቸውን አየሁት። የሚቀልዱ አይመስሉም ነበር። ገንዘቡን ነገ አመጣለሁ አልኩ።

ጨዋታው ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ከቅዳሴ እንደወጣሁ የጾም ምግቡን ይዤ በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄድኩ፤ ልጆቹ ጾመው ውለዋልና ከጨዋታው በፊት ትንሽ እንዲቀምሱ ነበር ሐሳቡ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ስንግ ቃሪያ። ዛፍ ሥር ዘረጋን። ገና ጸሎት አድርሰን እጃችንን ስንሰድ ሮይ መጣ። ግንድ የመሰለ ሰው ነው፤ ዱላው ትከሻው ላይ ክብሪት ይመስላል። ለልምምድ ቀድሞ መምጣቱ ነበር። ከመጋዘን የሌሊት ሥራ ከወጣ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ሰው ቆሞ እያየ ይበላል?

"ና፣ ቅመስ" አሉት ጋሽ አምሃ።

ቀመሰ። ዓይኑ በራ። "ይሄ ሥጋ የለውም?" አለ።

"የለውም። ስለዚህ አይከብድም" አለው ግደይ በእንግሊዝኛ፤ አጠቅልሎም አጎረሰው። መላኩ ይህን አየ። ኮከቡን የግደይ ወገን ብቻውን ሊያስተናግደው ነው? ሁለት ጉርሻ አከታተለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው፤ ግደይ ሦስተኛ ጨመረ። መላኩ ስንጉን አነሳ። "በሞቴ!" ይላል አንዱ። "እኔን አፈር ይብላኝ!" ይላል ሌላው። ሮይ ቃላቱን አያውቅም፤ እምቢ ማለት እንደማይቻል ግን ገብቶታል። ኤፍሬም "ኧረ ተዉት፣ ሊሮጥ ነው!" እያለ ይጮሃል። ጋሽ አምሃ እንግዳ ሊቀበሉ ሲሉ፣ ውኃ ሊያቀርቡ ሲሉ፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ ማዕዱ ተነሣ።

ሮይ መጀመሪያ ሲመታ ኳሷ ከአጥሩ በላይ ሄዳ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ወደቀች። እልል አልኩ። በሕይወቴ ለኳስ እልል ብዬ አላውቅም። ግደይ ኮፍያውን ወረወረ፤ ኤፍሬም እንኳን "እሺ፣ እሺ፣ ተገዝቷል" አለ። ጋሽ አምሃ ወንበሩ ላይ ሆነው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

ከዚያ ሽሮው ሥራውን ጀመረ። ሙቀቱም ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሊመታ ሲቆም የተወረወሩለትን ሦስቱንም ሳተ። በአራተኛው ዙር ወንበሩ ላይ በጀርባው ተኛ፤ እጁ ሆዱ ላይ ነው። ፈርስት ቤዝ ላይ የተወረወረለትን ኳስ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አልቻለም። የቧንቧ ሠራተኞቹ በዚያ በኩል እያስገቡ ደረሱብን፤ አለፉን። ወንበሩ ላይ ጋሽ አምሃ በጋዜጣ ያራግቡለታል።

መጨረሻው ዙር ደረሰ። በአንድ ነጥብ ይበልጡናል፤ ሁለት ሰው ወጥቶብናል። ሦስተኛ ከወጣብን አለቀ፤ ተራው የሮይ ነው።

"ተነሣ የእኔ ልጅ" አሉት ጋሽ አምሃ።

ተነሣ። እመቤቴን ጠራሁ። ኳሷን እንዴት እንደመታት አልነግራችሁም፤ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የሩቁን አጥር መትታ ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳውን ዞሮ ይገባበት ነበር። ሮይ ግን ሆዱን ደግፎ፣ እርጉዝ እንደምትሄደው እየሄደ፣ ፈርስት ቤዝ ደርሶ ቁጢጥ አለ። "ከዚህ አልነቃነቅም" አለ።

ደንቡ ለታመመ ሰው ተተኪ ሯጭ ይፈቅዳል። ወንበሩ ላይ ያለው ጋሽ አምሃ ብቻ ነው።

ኮፍያቸውን አጠበቁ፤ አማተቡ፤ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ወደ ፈርስት ቤዝ ተራመዱ። የተጋጣሚ ቡድን ሰዎች አጨበጨቡላቸው፤ ሽማግሌ ስለሆኑ መሰለኝ።

መቺው ግደይ ነው። ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ ሯጭ ቁም፣ ሂድ የሚለው መላኩ ነው። ከግደይ ቀጥሎ የሚመታው ኤፍሬም፣ ከሁላችንም የሚበልጠው።

ግደይ መታት። በሁለት ሰዎች መካከል አልፋ ተንከባለለች። ጋሽ አምሃ ሮጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ክርናቸው ወደ ውጪ፣ ኮፍያቸው ወድቆ፣ ሽበታቸው ቆሞ። ሁለተኛውን አለፉ። አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ እጮሃለሁ። ሦስተኛው ጋ መላኩ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ቁሙ! ጋሽ አምሃ፣ ቁሙ! ኤፍሬም አለ!" ይላል። አልቆሙም። ዞሩት። ኳሷ ከሜዳው መጣች። እግራቸውና ኳሷ አንድ ላይ ደረሱ፤ አቧራ ሆነ።

ዳኛው አውራ ጣቱን አነሳ። ወጥተዋል። አለቀ።

መሬት ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ግደይ ከአንድ ወገን፣ መላኩ ከሌላው ሮጠው ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው። እርስ በርስ አልተያዩም።

"እጄን ዘርግቼ ነበር እኮ!" አለ መላኩ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ጋሽ አምሃ ትንፋሽ እያጠራቸው ይስቃሉ። "አየሁህ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለንበት ሦስተኛው ላይ ልቁም?"

ሮይ መጥቶ አንገቱን ደፋ። ገንዘቡን ልመልስ አለ። ጋሽ አምሃ እጁን ወደ ኪሱ መለሱለት። ቆየና ወደ እኔ ዞር ብሎ ያ አረንጓዴው የሚያቃጥለው ከተረፈ ይቋጠርልኝ አለ። ቋጠርኩለት።

 ዕቃችንን ሰበሰብን። በሮች ተዘጉ፤ እያንዳንዱ መኪና ብቻውን ወጣ። ጋሽ አምሃ ቫናቸው ውስጥ ገብተው ሞተር ሳያስነሱ ቆዩ። መስኮቱ ጋ ሄጄ "እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳቸው። "ያውቃል" አሉኝ። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ልጆቼን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ወደ ሎት ነዳሁ። መግቢያው ጋ ስደርስ የተዘጉ መኪናዎች ረድፍ ማየት ፈርቼ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። ጩኸት ሰማሁ። ሰው ተሰብስቧል። ድብድብ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከመሃል ግደይና መላኩ ደረት ለደረት ገጥመዋል። ኤፍሬም ዳር ቆሟል፤ በመካከላቸው አይደለም።

"እጅህን የዘረጋኸው እኮ ካለፉህ በኋላ ነው! አንተ ድሮም ዘግይተህ ነው የምትነቃው!"

"ድሮ? ድሮ ማን ነበር ለሥራ የሚቀሰቅስህ? አልጋህን እየገለበጥኩ!"

"ኳሷን እኔ ባልመታት የት ሊሮጡ ነበር?"

"መጀመሪያ ያጎረስከው አንተ! ሰውየውን የገደልከው አንተ!"

"አንድ ነው ያጎረስኩት! ስንጉን ማን ነው እንደ ጥይት የደረደረለት? ንገረኝ እስኪ አበልጅ!"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ግደይ ራሱ የሰማው አይመስለኝም። መላኩ አልቆመም፤ ይመልስለት ጀመር። ጋሽ አምሃ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቫናቸውን ተደግፈዋል። ሲታዩ ሌሊቱን እንቅልፍ ያገኘ ሰው ይመስላሉ። ጩኸቱ ትንሽ በረድ ሲል፣ እንደ ዋዛ፣

"ዴንቨር ፓርክ ሂል በኩል ሌላ ሊግ አለ አሉ" ብለው ጣል አደረጉ። "ለሚመጣው ዓመት ሮይ ይያዝ ወይስ አይያዝ?"

እሳቱ እንደገና ነደደ። ይያዝ! አይያዝ! አንድ ቤዝ ለመድረስ ያን ሁሉ ገንዘብ? የመጀመሪያዋን ረሳሃት? በዚህ መካከል የመላኩ ስልክ ጮኸ። ተራው ደርሶ ነበር፤ ከንጋት በፊት ጀምሮ የጠበቃት ተሳፋሪ። አየት አደረገና አጠፋት። "ቆይ፣ ቆይ፣ ልጨርስ!" አለው ግደይን፣ ክንዱን ይዞ።

ሞተሬን አጥፍቼ ወረድኩ። በትከሻቸው መካከል ተጋፍቼ መሃል ገባሁ።

"ይያዝ" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። "የሚበላው ግን ከጨዋታው በኋላ ነው።"